«ሁሉም ያው ነው» አይባልም፦ ስለ ገና ሰሞን ትምህርት



የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ከገባ ወዲህ ለልምምድ ማስተማር የትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጁ ጓደኞቻችን አንዲት ጥያቄ እየተቀባበሏት ሰንብተዋል። ጥያቄዋ ስትታይ ቀላል ናት። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ስለ ገና ምን ይበል? ከፊቱ ሃምሳ ስድሳ ሕፃናት ተቀምጠዋል። የቄስ ልጅ አለ። አባቱ ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚነግድ ሙስሊም የሆነ ልጅ አለ። ወላጆቿ ወንጌላውያን የሆኑ ልጅ አለች። መምህሩ ራሱም ከእነዚህ ከአንዱ ወገን ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

እስካሁን የሰማኋቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን «ምንም አይበል፤ ትምህርትና ሃይማኖት ተለያይተዋል፤ አርፎ ፊደሉንና ሒሳቡን ያስተምር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ሰፋ ያለ ልብ ያለው ይመስላል። «በዓላት ሁሉ ያው ናቸው፤ ሁሉም ስለ ፍቅርና ስለ ሰላም ነው ብሎ ይለፈው» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያውን ቶሎ ልመልስና ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ይበልጡን የሚጎዳን ሁለተኛው ነውና።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ይህ ማለት መምህሩ በክፍል ውስጥ አይስበክ ማለት ነው። ሕፃናቱ የሚኖሩበትን መንደር አይወቁት ማለት አይደለም። ዝምታ ደግሞ ከደሙ ንጹሕ ይመስለናል እንጂ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ለአብዛኛው ልጅ ምክንያቱን ቤቱ ይነግረዋል፤ ለጥቂቶቹ ግን የሚነግራቸው የለም። በማግሥቱ ሁሉም ተመልሶ ሲገናኝ ግማሹ ስለ በሉት ያወራል፣ ግማሹ ያዳምጣል፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ያጸዳል። ይህ ገለልተኛነት ነው ወይ?

በዓልና ትምህርት ቤት እኮ በአገራችን የቆየ ጉዳይ አላቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ አብረዋቸውም የቆሙ ክርስቲያኖች፣ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ሲያደርጉ ከጥያቄዎቹ አንዱ የሙስሊም በዓላት እንደ ክርስቲያኑ በዓላት በአገር ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ በዓላት አዋጅ ዒድ አልፈጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን አብሮ አስገባ። ከዚያ በፊት ዒድ በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም የሥራ ቀን ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከፊታችን የሚቀመጠው የሙስሊም ልጅ፣ አያቱ በበዓሉ ቀን ደብተሩን ይዞ ይወጣ የነበረ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህን እያወቅን «ዝም እንበል» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። «ሁሉም ያው ነው» ማለት ለጆሮ ደስ ይላል። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። እውነት አለመሆኑንም ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ይደርሱበታል። እስቲ ቤት ለቤት እንይ።

በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ገጠር ባለ የኦርቶዶክስ ቤት ገና ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የጾም ፍቺ ነው። ከአርባ ቀን በላይ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ ያልገባበት ቤት ነው። ካህናቱ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ ቅዳሴውም በሌሊት ይፈጸማል። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ጠላ ደርሶ ይቆየዋል። አቅም ያለው ዶሮ ያርዳል፤ የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ ቅርጫ ይገባል። ደግሞም ወቅቱ የመኸር ማብቂያ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ዳጉሳው ይወቃል፣ በአውድማው ላይ በሬ ይዞራል፣ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ መሬቱን ያቀላዋል። ከሰዓት በኋላ ሰብሉ በተነሣለት ሜዳ ላይ ጎረምሶቹ ሚና ለይተው፣ በቆልማማ ዱላ ሩሯን እየለጉ ይጫወታሉ። ትውፊቱ እንደሚለው ጨዋታው የእረኞች ደስታ ነው፤ የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ ቂም አይያዝበትም።

(በቅንፍ አንድ ነገር ላስታውስ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት በሚመጣው ዓመት፣ ገና በ29 ሳይሆን በ28 ይውላል። ይህን ያላወቀ መምህር «ምንጊዜም 29 ነው» ብሎ ከጻፈ የቄስ ትምህርት ቤት የቀመሰ ተማሪ ከኋላ ወንበር ይስቅበታል። ቢስቅም ልክ ነው።)

ወንጌላውያኑም ገናን ያከብራሉ። ግን አብረው የሚፈቱት የነቢያት ጾም የላቸውም፤ ማኅሌትም የላቸውም። ጠላም በአብዛኛው በቤታቸው አይጠመቅም። በዓላቸው መዝሙር፣ ስብከትና የቤተሰብ ማዕድ ነው። እንግዲህ «በገና እናቴ ጠላ ትጠምቃለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለክፍሉ ሁሉ አስገልብጠን ስንሰጥ፣ ለዚያች ልጅ የሌላ ሰው እናት ሰጠናት ማለት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሰባት ዓመት ለሆናት ልጅ ግን ትንሽ አይደለችም።

በሙስሊሙ ቤት ገና በዓል አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ነውር የለበትም። ነቢዩ ዒሳ በእስልምና የተከበሩ ነቢይ ናቸው፤ የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በእናታቸው በመርየም ስም ተሰይሟል፤ ልደታቸውም እዚያው ውስጥ ተተርኳል። ነገር ግን ልደታቸው በዓል ሆኖ አይከበርም፤ አምላክም አይባሉም። ለክርስቲያኑ ደግሞ የዕለቱ ክብር ሁሉ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው። ታዲያ ይህ «ያው» ነው? የነቢዩ መሐመድ ልደት፣ መውሊድ፣ እንኳ በሙስሊሞች ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙዎች ያከብሩታል፣ የማያከብሩትም አሉ። «መውሊድ ማለት የእነሱ ገና ነው» እያለ የሚያስረዳ ሰው ሁለቱንም ወገን በአንድ ቃል አስቀይሟል።

ይህን ሁሉ ልዩነት ጎረቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ማንም ያውቃል። ያኛው በሥላሴ ስም ያርዳል፣ ይኸኛው ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ይህ ድንበር ግን ሰዎቹን አልለያያቸውም። ሙስሊም ጎረቤት ያላት ክርስቲያን ድግስ ሲኖራት «ይኸው እትዬ፣ አውራ ዶሮው ከነነፍሱ፤ ጋሼ ባርከው ይረዱት፤ ድስቱም አዲስ ነው፣ ምንም አልነካውም» ብላ ትልካለች። ሙስሊሟም በዒድ ጊዜ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ጾም ከሆነ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቷ ሽሮና ምስር ለይታ ትሠራለች። የጎረቤቷን የጾም ቀን ከራሷ ቀን እኩል ትቆጥራለች ማለት ነው።

ልብ በሉ። ይህች ሴት «ያው ነው» አላለችም። «ያው አይደለም» ብላ ነው አዲስ ድስት የገዛችው። ያው ነው ብትል ኖሮ ከራሷ ድስት ጨልፋ ትልክ ነበር፤ ጎረቤቷም ትቀየም ነበር። ጨዋነቷ ያረፈው ልዩነቱን አጥርታ በማወቋ ላይ ነው። እኛ የተማርነው ሰዎች ደግሞ ልዩነትን አለማንሣት ሥልጣኔ እየመሰለን፣ ከዚህች ፊደል ካልቆጠረች እመቤት ያነሰ ትምህርት ይዘን ክፍል እንገባለን።

ሁልጊዜ እንዲህ በፍቅር ነበር ብዬ ግን አላሞኛችሁም። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በተለይ በወሎ ብዙ ሙስሊሞች ተገደው ተጠምቀዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ ርስት እንዳያገኝ ስለሚደረግ ንግድና ሽመና የእርሱ ሥራ ሆኖ የቆየው በፍላጎቱ ብቻ አልነበረም። የቅርቡንም እናውቃለን። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በሲዳማ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ ከተማ፣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር፤ በነቢያት ጾም መካከል። ሞጣ ከእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። በማስፈራራት የምናገረው አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ክፍል ውስጥ ቆሞ የነበረ መምህር «ሁሉም ያው ነው» ከሚል ቃል ሌላ ምንም ካልነበረው ለልጆቹ ምን ሊላቸው ይችል ነበር? ያችን የአዲሱን ድስት ነገር ግን ሊነግራቸው ይችል ነበር።

ሌላም «ያው ነው» አለ። ይኸኛው ከውጭ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ንባብ ውስጥ በረዶ አለ፣ ጥድ አለ፣ ጢሙ የነጣ ቀይ ለባሽ ሽማግሌ አለ። ልጁ ይህን አንብቦ የፈረንጁ ክሪስማስና የእኛ ገና ያው ነው ብሎ ይወጣል። ከዚህም የባሰው «ዊንተር» የሚለውን ቃል «ክረምት» ብለን ስንተረጉም ነው። «ገና በክረምት ይከበራል» የሚል ዐረፍተ ነገር በዕቅድ ደብተር ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። የቡሬ ገበሬ ይህን ቢሰማ «ልጄ፣ በየትኛው አገር ክረምት ነው አውድማ የሚለቀለቀው?» ማለቱ አይቀርም። ክረምት እኮ ለእኛ ወንዝ የሚሞላበት፣ ጭቃ ጉልበት የሚደርስበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚያ መፀው ይገባል። በጋ የሚጀምረው ታኅሣሥ 26 ቀን ነው። እንግዲህ ገና በበጋ ደጃፍ ላይ፣ በአራተኛው ቀን ይውላል። በደጋው ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ቀኑ ግን ጠራራ ፀሐይ ነው። «ዊንተር»ን «የብርድ ወራት» ብንለው ይሻለናል።

በአዲስ አበባ ሱቆች በፕላስቲክ ጥድ ላይ ጥጥ እየለጠፉ በረዶ ነው ይላሉ። ጥጡን እንኳ ለነጠላ በዋለ! የጥድ ዛፉ ልማድ ከጀርመን አገር የተነሣ ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው በይበልጥ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ነው። ማክበር የፈለገ ያክብር፤ የእኔ ነገር ልጁ ምክንያቱን ይወቅ ነው። ሰሜኖቹ ለምን መብራት ያበዛሉ? ለምንስ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ወደ ቤት ያስገባሉ? ምክንያቱ ፀሐይዋ ናት። በታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ፣ በፈረንጆች ዲሴምበር 21፣ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ወደ ሰሜን ሲኬድ ጭራሽ የማትወጣበት አገር አለ። በፍኖተ ሰላም ግን በዚያው ቀን የቀኑ ርዝመት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በእኛ አገር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የጎጃም ሰው «ፀሐይ ልትሞትብኝ ነው» ብሎ ፈርቶ አያውቅም፤ እርሱ በታኅሣሥ የሚፈራው ያልተከመረ ነዶ ላይ የሚወርድ ያልታሰበ ዝናብ ነው።

ፀሐይ የምትርቅባቸው ሕዝቦች ያችን ረጅም ሌሊት በየእምነታቸው ያሳልፏታል። ኢራናውያን ያልዳ ይሏታል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሮማንና ሐብሐብ እየበላ፣ የባለቅኔውን የሐፊዝን ግጥም እያነበበ ያመሻል። ቻይናውያን ዶንግዢ ብለው በሰሜኑ ክፍል በሥጋ የተሞላ ሊጥ ቀቅለው፣ በደቡቡ የሩዝ ሊጥ አድበልብለው ይበላሉ። በሮም እ.ኤ.አ. በ354 የተዘጋጀ አንድ የቀን መቁጠሪያ ጥራዝ ዲሴምበር 25ን በአንድ በኩል የክርስቶስ ልደት፣ በሌላ በኩል የ«የማይሸነፈው» ልደት ብሎ ይመዘግባል፤ ይህም የፀሐይ አምላካቸው ስም ነው። ከዚህ ተነሥተው ሊቃውንት ብዙ ይከራከራሉ። ክርክሩን በአራተኛ ክፍል ውስጥ የምንፈታው አይደለምና እንለፈው። የእኛው 29 ደግሞ በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው፤ በአዲሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ የሚያርፈው ስለዚህ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጎረቤቶቻቸው ጥዱን አውጥተው ከጣሉ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን፣ ገናቸውን የሚያከብሩትም ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው የኢራኑ ይመስለኛል። ያልዳን የሚያከብረው ኢራናዊ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በዓሉ ግን የእስልምና በዓል አይደለም፤ የወቅት በዓል ነው። ክርስቲያኑም አይሁዱም ጎረቤቱ ሮማኑን አብሮት ሊቆርስ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ እምነት የሆኑ ሰዎች እንኳ በዓላቸው ላይገጥም ይችላል። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል አይሁድ ሆነው ሳለ ሌላው የዓለም አይሁድ በታኅሣሥ ገደማ መብራት እያበራ የሚያከብረውን ሐኑካን አያውቁትም ነበር። የእነርሱ ታላቅ በዓል ተራራ ላይ ወጥተው የሚያከብሩት ስግድ ነው። እስራኤልም ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጋ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ስለዚህ መምህሩ ሊለያቸው የሚገባ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የወቅቱና የእምነቱ። የወቅቱ የሁላችንም ነው። አውድማው የቄሱም የሼኹም ነው፤ በርበሬው ክርስቲያን ደጅም ሙስሊም ደጅም ይሰጣል፤ ብርዱ ማንንም አይመርጥም። የእምነቱ ግን የየቤቱ ነው፤ መምህሩ እንግዳ ሆኖ ይሰማዋል እንጂ ገብቶ አያዝበትም። እኔ ብሆን በዚያ ሳምንት «ገናን እንዴት ታከብራላችሁ?» ብዬ አልጠይቅም። «በዚህ ወር ቤታችሁ ምን ይሠራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ «እንወቃለን» ይላል፣ አንዷ «በርበሬ እንቀነጥሳለን» ትላለች፣ አንዱ «እንጾማለን» ይላል፣ ሌላው «አባቴ ገበያ ይውላል» ይላል። ሁሉም መልስ አለው። ከዚያ በኋላ መናገር የፈለገ ስለ ቤቱ በዓል ይናገር። ያልፈለገ አይገደድ። በተለይ አንዱን የሙስሊም ልጅ አስነሥቶ «እስቲ የእናንተን ንገረን» ማለት ደግ አይደለም፤ ልጁ ልጅ ነው፣ የሕዝብ እንደራሴ አይደለም። «ክርስቶስ ማነው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣም «ይህንን አባትህን ጠይቅ፤ የአንተ ጓደኛም የእርሱን አባት ይጠይቃል፤ መልሶቹ ይለያያሉ፤ ብትለያዩም አብራችሁ ትቀመጣላችሁ» ማለት ይበቃል።

«ልዩነትን ማንሣት ልጆቹን መከፋፈል ነው» የሚሉ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሥጋታቸው ከክፋት አይደለም። ግን እስቲ አስቡት፤ የገጠር ልጅ ገና አንደኛ ክፍል ሳይገባ የማንን ሥጋ እንደሚበላና የማንን እንደማይበላ ያውቃል። ልዩነቱን እኛ አናስተምረውም፤ ይዞት ነው የሚመጣው። የማያውቀው እናቱ አዲሱን ድስት ለምን እንደገዛች ነው።

የገናን ጨዋታ በተመለከተ፣ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ የለም፤ ዱላው ከጫካ፣ ሩሯ ከእንጨት። ስሙ የበዓል ስም ነውና አይሆንብንም የሚል ወላጅ ካለ ይከበርለት። በታኅሣሥ በማንኛውም ሳምንት ሊጫወቱት ይቻላል፤ ሴቶቹም ይግቡበት። ብቻ ቅልጥም ላይ ጥንቃቄ!

አንድ ነገር ደግሞ በማስታወሻ ደብተራችሁ ያዙልኝ። የሙስሊሞች አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ በዓላቸው በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተመለሰ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። በ1992 ዓ.ም. የረመዳን ጾምና የነቢያት ጾም አብረው ውለው፣ ገናና ዒድ አልፈጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው መጡ። በስሌቱ መሠረት ይህ በ2025 ዓ.ም. ይመለሳል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ሁለቱ ጾሞች አብረው ይውላሉ፤ ዒድ አልፈጥርም ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ይውላል። የዛሬ ሠልጣኞች ያን ጊዜ ባለ ክፍል መምህራን ናችሁ። አንዱ ልጅ ከንጋት እስከ ጀምበር ግባት ውኃ አይጠጣም፤ ሌላው እስከ ተሲያት እህል አይቀምስም፣ ከዚያም ወተት አይነካም። የሩጫ ክፍለ ጊዜውን በስንት ሰዓት ታደርጉታላችሁ? ፈተናውንስ? ይህ የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም፤ የመምህርነት ጥያቄ ነው። መልሱን ደግሞ «ያው ነው» የሚል ሰው አያገኘውም፤ ሁለቱ ጾሞች ያው አይደሉምና።

በመጨረሻ ለሳይንስ ሠልጣኞች። ታኅሣሥ 12 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ያኔ ነው በእኛ ሰማይ ፀሐይ ከፍ የምትለው፣ አንድ ሜትር ዘንግ በስፖርት ሜዳው ላይ ቀጥ አድርጌ እተክላለሁ። ጥላው ወደ ሰሜን 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። በሚያዝያና በነሐሴ አንዳንድ ጊዜ ያው ዘንግ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያጣል። ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ደመናው ከፈቀደልን ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን የበረዶው ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አይነግራችሁም። ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ልኩ ካልገጠመ በዚሁ ግድግዳ ላይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ፣ ቁጥራችሁን ለጥፉልኝ።